«ሲስተም የለም» ከማለት በፊት፦ ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ ኤስኪውኤል ሰርቨር አላስገባ ሲል

ማይክሮሶፍት ወርኃዊውን የደኅንነት አፕዴት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ይሆናል። ረቡዕ ጠዋት ታዲያ ያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ሰርቨሩ ማታ አፕዴት አድርጎ ሪስታርት አደረገ፤ አሁን ሶፍትዌሩ ‹ሎጊን ፌይልድ› ይላል፤ ፓስወርዱን የነካው ሰው የለም፤ ምን እናድርግ?»

መመሪያው የማይክሮሶፍትን የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርን፣ ዊንዶውስ ላይ ለምታስተዳድሩ ነው። የሂሳብ፣ የደመወዝ ወይም የመድኃኒት ስቶክ ሶፍትዌራችሁ ከጀርባው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ካለውም ያገለግላችኋል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። የዊንዶውስ አፕዴት በኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ የተቀመጠ ፓስወርድ አይቀይርም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአፕዴቱም አይደለም፤ የሪስታርቱ ነው። ከወር በፊት የተቀየረ የሰርቪስ አካውንት ፓስወርድ፣ ጊዜው ያለፈበት ሰርተፊኬት፣ አንድ ሰው ነክቶት የተወው ሴቲንግ፣ ሁሉም ሰርቨሩ ተዘግቶ እስኪነሳ ድረስ ድምፃቸው አይሰማም። ስለዚህ «አፕዴቱ ምን ቀየረ?» ብቻ ሳይሆን «ካለፈው ሪስታርት ወዲህ ምን ተቀየረ?» ብላችሁም ጠይቁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሰርቨሩ ላይ የአድሚኒስትሬተር መብት ያለው የዊንዶውስ አካውንት
- በኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ የሲስአድሚን፣ ማለትም ሙሉ የማስተዳደር፣ መብት ያለው ሎጊን (ከሌላችሁ ደረጃ 9ን ተመልከቱ)
- ማኔጅመንት ስቱዲዮ (የኤስኪውኤል ሰርቨር ማስተዳደሪያ ፕሮግራም)፣ ሰርቨሩ ላይም አንድ የተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይም ቢኖር ይመረጣል
- ሶፍትዌሩ የሚጠቀምበት የሰርቨር ስም፣ የኢንስታንስ (ማሽኑ ላይ ለብቻው የሚሠራ የኤስኪውኤል ሰርቨር ቅጂ) ስም፣ የዳታቤዝ ስምና የሎጊን ስም
- ሎጊኖቹና የሰርቨሩ ሴቲንግ የሚቀመጡበትን የማስተር ዳታቤዝ ጨምሮ የቅርብ ጊዜ ባክአፕ
- የሚሠራ ዩፒኤስ። አፕዴት በመጨረስ ላይ ያለ ሰርቨር መብራት ከጠፋበት ቀላሉ ችግር ከባድ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ

ሰርቨሩን ደጋግማችሁ ሪስታርት አታድርጉ። ኤስኪውኤል ሰርቨር በተነሳ ቁጥር አዲስ የስህተት መዝገብ ይከፍታል፤ ሌላ ካልተደረገ የሚያስቀምጠው የቀድሞዎቹን 6 ብቻ ነው። ሰባት ጊዜ ካስነሳችሁት የመጀመሪያው ማስረጃ የለም።

ፋየርዎልን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ፣ የሶፍትዌሩንም ሎጊን «ለጊዜው» ሲስአድሚን አታድርጉት። ለጊዜው የተባለው ዓመት ይቆያል።

የሎጊኑን ፓስወርድ መቀየርም የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም። ሶፍትዌሩ አሮጌውን ፓስወርድ በራሱ ፋይል ውስጥ ይዟል፤ ከቀየራችሁት አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል።

ደረጃ 1፦ የስህተቱን ቁጥር ያዙ

«አልገባም አለ» ማለት ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ቁጥሩ ነው።

- 26፣ 40፣ 53 ወይም 10061፦ ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም። ደረጃ 2 እና 5።
- 18456፦ ደርሷል፣ ተከልክሏል። ደረጃ 3።
- 18401፦ ሰርቨሩ ራሱን እያደሰ ነው። ደረጃ 4።
- 18452፣ ወይም ኤስኤስፒአይ የሚል ቃል ያለበት መልእክት፦ ደረጃ 6።
- ሰርተፊኬት፣ ኤስኤስኤል ወይም «ፕሪ-ሎጊን ሃንድሼክ» የሚል፦ ደረጃ 7።
- 4060 ወይም 4064፦ ደረጃ 8።

አንዳንድ ሶፍትዌር ትክክለኛውን መልእክት ደብቆ የራሱን ያሳያል። ያኔ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ባዶ የኖትፓድ ፋይል ፍጠሩና የፋይሉን ማለቂያ ከቲኤክስቲ ወደ ዩዲኤል ቀይሩት፤ የፋይል ማለቂያዎች ካልታዩ መጀመሪያ ከፋይል ኤክስፕሎረር እንዲታዩ አድርጉ። ሁለቴ ስትጫኑት የግንኙነት መሞከሪያ መስኮት ይከፈታል። ፕሮቫይደሩን ምረጡ፣ የሰርቨሩን ስምና ሎጊኑን ሙሉ፣ «ቴስት ኮኔክሽን» በሉ፤ እውነተኛው መልእክት ይወጣል። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ መስኮቱ የሚሞክረው ባለ 64 ቢት ፕሮቫይደሮችን ነው። ሶፍትዌራችሁ ባለ 32 ቢት ከሆነ ውጤቱ ሊለያይ ይችላል።

ቀጥሎ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጣችሁ በማኔጅመንት ስቱዲዮ ለመግባት ሞክሩ። በዚያው ማሽን ላይ የሚደረግ ግንኙነት ብዙውን ጊዜ ሼርድ ሜሞሪ በሚባለው መንገድ ስለሚያልፍ ፖርትም ፋየርዎልም አይነካም። ከሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ ከሌላ ኮምፒውተር እምቢ ካለ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ሰርቨሩ ላይም እምቢ ካለ ስለ ኔትወርክ ገና አትጨነቁ።

ደረጃ 2፦ ሰርቪሱ ተነስቷል?

ኤስኪውኤል ሰርቨር ኮንፊገሬሽን ማናጀርን ክፈቱ። ፍለጋ ላይ ካልመጣ «ኤስኪውኤልሰርቨርማናጀር» ከሚለው ስም ጋር የቨርዥኑን ቁጥር አያይዛችሁ ፈልጉ፦ ለ2016 13፣ ለ2017 14፣ ለ2019 15፣ ለ2022 16። ኢንስታንሳችሁ «ረኒንግ» ካላለ አስነሱት። ካልተነሳ ኢቨንት ቪውወር ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን መዝገብ ተመልከቱ።

7009 እና 7000 አብረው ከታዩ ሰርቪሱ በተሰጠው 30 ሰከንድ ውስጥ መልስ አልሰጠም። ከአፕዴት በኋላ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲነሳ ደካማ ዲስክ ያለው ማሽን ላይ ይደርሳል። በእጅ ስታስነሱት ከተነሳ የስታርት ዓይነቱን «ኦቶማቲክ (ዲሌይድ ስታርት)» አድርጉት።

7038 ወይም ስህተት 1069 ከሆነ የሰርቪሱ አካውንት ፓስወርድ ተቀይሯል ወይም አካውንቱ ተዘግቷል። እየሠራ የነበረ ሰርቪስ ፓስወርዱ ቢቀየርም አይወድቅም፤ የሚወድቀው ሲነሳ ነው። አዲሱን ፓስወርድ ስታስገቡ ከተራው «ሰርቪስስ» መስኮት ሳይሆን ከኮንፊገሬሽን ማናጀሩ አስገቡ። አካውንቱ የሚያስፈልገውን የፎልደርና የሬጅስትሪ ፈቃድ፣ የውስጥ ቁልፎቹንም አብሮ የሚያስተካክለው እሱ ነው።

7041 ማለት ደግሞ አካውንቱ «ሎግ ኦን አዝ ኤ ሰርቪስ» የሚለውን መብት አጥቷል። ይህን መብት የሚነጥቀው አብዛኛውን ጊዜ ግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም የቢሮውን ኮምፒውተሮች ከአንድ ቦታ የሚያዝ ደንብ፣ ነው፤ ማሽኑ ላይ ብቻ ብታስተካክሉት ፖሊሲው ተመልሶ ያጠፋዋልና ዶሜይኑ ላይ አስተካክሉ።

ደረጃ 3፦ የሰርቨሩን መዝገብ አንብቡ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚህ ነው። 18456 ሲመጣ ተጠቃሚው የሚያየው ስቴት (የተከለከለበትን ምክንያት የሚለይ ተጨማሪ ቁጥር) ሁልጊዜ 1 ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሰርቨሩ ለማያውቀው ሰው «ስሙ ትክክል ነው፣ ፓስወርዱ ብቻ ተሳስቷል» ብሎ ፍንጭ አይሰጥም። እውነተኛው ስቴት የሚጻፈው በሰርቨሩ መዝገብ ውስጥ ነው።

መዝገቡ «ኤረርሎግ» የሚባል፣ ከስሙ በኋላ እንደ ቲኤክስቲ ያለ ማለቂያ የሌለው ፋይል ነው። ቦታው ፕሮግራም ፋይልስ፣ ከዚያ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ከዚያ የቨርዥን ቁጥሩንና የኢንስታንሱን ስም የያዘው ፎልደር፣ ከዚያ ኤምኤስኤስኪውኤል፣ በመጨረሻም ሎግ የሚለው ውስጥ ነው። በኖትፓድ ይከፈታል። ከታች ጀምራችሁ 18456ን ፈልጉ፤ ምክንያቱ በዚያው ወይም በቀጣዩ መስመር ላይ ተጽፏል።

- ስቴት 5፦ እንዲህ የሚባል ሎጊን የለም። የስሙን አጻጻፍና የተገናኛችሁበትን ኢንስታንስ አረጋግጡ፤ አንድ ማሽን ላይ ሁለት ኢንስታንስ ካለ የተሳሳተው በር ላይ ቆማችሁ ይሆናል።
- ስቴት 6፦ የዊንዶውስ ስም በኤስኪውኤል ሎጊን በኩል ለማስገባት ተሞክሯል።
- ስቴት 7፦ ሎጊኑ ተዘግቷል፣ ፓስወርዱም አልገጠመም።
- ስቴት 8፦ ፓስወርዱ አልገጠመም።
- ስቴት 11 ወይም 12፦ ሎጊኑ ትክክል ነው፣ ሰርቨሩ ላይ የመግቢያ ፈቃድ ግን አላገኘም። የማሽኑ አድሚኒስትሬተር በመሆናችሁ ብቻ የምትገቡ ከሆነ ማኔጅመንት ስቱዲዮን «ረን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብላችሁ ክፈቱ።
- ስቴት 13፦ ሰርቪሱ «ፖዝ» ተደርጓል።
- ስቴት 18፦ ፓስወርዱ መቀየር አለበት።
- ስቴት 38 ወይም 40፦ ዳታቤዙ አልተከፈተም። ደረጃ 8።
- ስቴት 58፦ ሰርቨሩ የዊንዶውስ ሎጊን ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ሳለ በኤስኪውኤል ሎጊን ተሞክሯል።

በስቴት 8 ላይ ፓስወርድ ከመቀየራችሁ በፊት ኪቦርዱን ተመልከቱ። ከትልቅ አፕዴት በኋላ የመጻፊያ ቋንቋው ቅደም ተከተል ተቀይሮ አማርኛው ቀድሞ ሊገኝ ይችላል፤ ፓስወርድ መጻፊያው ነጥብ ብቻ ስለሚያሳይ አይታወቅም። ፓስወርዱን ኖትፓድ ላይ ጽፋችሁ እዩና ሳታስቀምጡ ዝጉት።

ስቴት 58 የሪስታርት ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። የመግቢያ ዓይነቱ ለውጥ የሚሠራው ሰርቪሱ ሲነሳ ብቻ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት የተነካ ሴቲንግ ዛሬ ይነቃል። ለማስተካከል የሰርቨሩን «ፕሮፐርቲስ» ከዚያ «ሴኪውሪቲ» ክፈቱና ሁለቱንም ዓይነት ሎጊን የሚቀበለውን ምርጫ ያዙ፤ ከዚያ ሰርቪሱን አንዴ ዘግታችሁ አስነሱ።

መዝገቡ ውስጥ ምንም የ18456 መስመር ከሌለ ወይ ጥያቄው አልደረሰም፣ ወይ ያልተሳኩ ሎጊኖች እንዳይመዘገቡ ተደርጓል። ሁለተኛውን በዚያው «ሴኪውሪቲ» ገጽ ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 4፦ 18401 ሲሆን ጠብቁ

«የተጫነው የዊንዶውስ አፕዴት ብቻ ነው» የሚባለው ሁሌ እውነት አይደለም። የሌሎች ማይክሮሶፍት ምርቶችን አፕዴት አብሮ እንዲያመጣ ከተፈቀደለት ዊንዶውስ አፕዴት የኤስኪውኤል ሰርቨርን አፕዴትም ይጭናል። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሳ የውስጥ ዳታቤዞቹን የሚያድሱ ስክሪፕቶች ያስኬዳል፤ እስኪጨርስ ከአድሚኒስትሬተር በቀር ማንንም አያስገባም። በኤረርሎጉ መጨረሻ አዳዲስ መስመሮች እየተጨመሩ ከሆነ ተዉት። በዚህ መሀል ማጥፋት ትልቁ ጥፋት ነው።

ስክሪፕቱ ከከሸፈ 912 እና 3417 ይታያሉ፤ ሰርቪሱም ይቆማል። 3417 «ማስተር ዳታቤዝ ሊነሳ አልቻለም» ስለሚል ሰው ደንግጦ ወደ ሪኢንስቶል ይሮጣል። አትሩጡ፤ ከ912 በላይ ያለውን መስመር አንብቡ። 5133 ካለበት ስክሪፕቱ ጊዜያዊ ዳታቤዝ ሊፈጥርበት የፈለገው ፎልደር የለም ማለት ነው። ነባሩ የዳታ ፎልደር ከተነቀለ ዲስክ ጋር ሄዶ ይሆናል። ፎልደሩን በዚያው ስም ፍጠሩ፣ ለሰርቪሱ አካውንት ሙሉ ፈቃድ ስጡ፣ አስነሱ።

ሌላ ምክንያት ከሆነና ገብቶ ማስተካከል ካስፈለገ በኮንፊገሬሽን ማናጀሩ «ስታርትአፕ ፓራሜተርስ» ላይ ትሬስ ፍላግ 902ን ጨምሩ፦ ሰረዝ፣ ትልቁ የላቲን ቲ፣ 902፣ ያለ ክፍተት። ሰርቨሩ ስክሪፕቱን ዘሎ ይነሳል። ምክንያቱን አስተካክላችሁ ፍላጉን አንሱና እንደገና አስነሱት። እንደዚያው መተው ግማሽ የታደሰ ሰርቨር ይዞ መቀመጥ ነው።

ደረጃ 5፦ መንገዱን ፈትሹ

በኮንፊገሬሽን ማናጀሩ ቲሲፒ/አይፒ መብራቱን እዩ። ከዚያ «አይፒ ኦል» የሚለው ሥር ፖርቱን ተመልከቱ። ዋናው ኢንስታንስ በተለምዶ 1433 ላይ ይሰማል። ስም ያለው ኢንስታንስ ግን ተለዋዋጭ ፖርት ይዞ ይነሳል፤ የቀድሞውን ለመያዝ ይሞክራል፣ ሪስታርቱ ላይ ሌላ ፕሮግራም ከቀደመው ግን አዲስ ይወስዳል። ፋየርዎሉ የተከፈተው ለአሮጌው ነው፤ ስለዚህ በሩ ተዘጋ። መፍትሔው ተለዋዋጩን ባዶ አድርጎ ቋሚ ፖርት መስጠት ነው።

ተጠቃሚዎች ኢንስታንሱን በስም የሚጠሩ ከሆነ «ኤስኪውኤል ሰርቨር ብራውዘር» ሰርቪስ መነሳትና ዩዲፒ 1434 መከፈት አለባቸው። ስህተት 26 ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ለመለየት ከሰርቨሩ ስም ቀጥሎ ኮማ አድርጋችሁ ፖርቱን ጻፉና ሞክሩ። ኮሎን አይደለም፣ ኮማ፤ ያውም የእንግሊዝኛው ኮማ፣ የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ አይሠራም። በፖርት ገብቶ በስም ካልገባ ጥፋቱ የብራውዘሩ ነው።

የኔትወርኩን ፕሮፋይልም ተመልከቱ። ሰርቨሩ ሲነሳ ዶሜይን ኮንትሮለሩን (የቢሮውን የዊንዶውስ አካውንቶች የሚያስተዳድረውን ሰርቨር) በጊዜ ካላገኘ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ ሊመድበው ይችላል። ለዶሜይን ወይም ለፕራይቬት የተጻፈው የፋየርዎል ደንብ ያኔ አይሠራም። የኔትወርክ ካርዱን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱና ዶሜይኑ

በዊንዶውስ አካውንት የሚገቡት ብቻ ከተከለከሉና የኤስኪውኤል ሎጊን ከሠራ ይህን ደረጃ አትለፉት። ኬርቤሮስ (ዊንዶውስ በዶሜይን ውስጥ ማንነት የሚያረጋግጥበት መንገድ) በመደበኛው ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይቀበልም። መብራት በሚቆራረጥበት ቢሮ የማዘርቦርዱ ባትሪ ደክሞ ከሆነ ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱን ይስታል። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 ነው፤ ለውጡት። ሰርቨሩ ቨርቹዋል ከሆነ ደግሞ የሆስቱን ሰዓት እዩ።

የታይም ዞኑ ናይሮቢ የሚለው፣ ሲደመር 3 ሰዓት፣ መሆን አለበት። ዞኑ ተሳስቶ ሳለ በእጅ ሰዓቱን ብቻ «ማስተካከል»፣ ወይም ከጠዋቱ 9 ሰዓት የሚያሳየውን ሰርቨር በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ማድረግ፣ ዓይን የሚያየውን እንጂ ኬርቤሮስ የሚያየውን አያስተካክልም። እሱ የሚያነጻጽረው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ሰርቨር በ6 ሰዓት ተሳስቷል።

ሰዓቱ ልክ ከሆነ በስም ፈንታ በአይፒ አድራሻ ግቡ። በአይፒ ገብቶ በስም እምቢ ካለ ኬርቤሮስ ላይ ነው ችግሩ፤ በአይፒ ሲሆን ዊንዶውስ በተለምዶ ወደ አሮጌው የማረጋገጫ መንገድ፣ ወደ ኤንቲኤልኤም፣ ይመለሳልና። የሰርቪሱ መለያ ስም፣ ማለትም ኤስፒኤን፣ በተሳሳተ አካውንት ላይ ተመዝግቦ ይሆናል። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ኬርቤሮስ ኮንፊገሬሽን ማናጀር ያሳያችኋል።

አፕዴት የተጫነው ዳታቤዝ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው ብላችሁም አትደምድሙ። በኖቬምበር 8፣ 2022 የወጣው አፕዴት ዶሜይን ኮንትሮለሮች ላይ ሲጫን የኬርቤሮስ መግቢያን አበላሽቶ ነበር፤ ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 17 ከመደበኛው ቀን ውጭ ማስተካከያ አወጣ። ዳታቤዝ ሰርቨሩን ብቻ የፈተሸ ሰው ምንም አያገኝም ነበር።

ደረጃ 7፦ ቲኤልኤስና ድራይቨር

ቲኤልኤስ ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ስርዓት ነው። አሮጌዎቹ 1.0 እና 1.1 ከተዘጉ ሁለቱም ወገን 1.2 መቻል አለበት። ኤስኪውኤል ሰርቨር 2016 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ይችላሉ፤ ከ2008 እስከ 2014 ያሉት የየራሳቸው አፕዴት ያስፈልጋቸዋል። በተጠቃሚው በኩል ሶፍትዌሩን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ኦዲቢሲ ድራይቨር 17 ወይም 18 ጫኑ። በኦዲቢሲ ዝርዝር ውስጥ «ኤስኪውኤል ሰርቨር» ብቻ ተብሎ የሚታየው ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው አሮጌ ድራይቨር ነው። በ2022 የኖቬምበር አፕዴት ግንኙነቱ የተቋረጠው በእሱ ላይ ነበር፤ ማስተካከያው የመጣው በጃንዋሪ 10፣ 2023 ነው።

ድራይቨር 18 ግንኙነቱን ሳይጠየቅ ኢንክሪፕት ያደርጋል። ስለዚህ ከ17 ወደ 18 የተሻገረ ሶፍትዌር «ሰርተፊኬቱን አላምነውም» ይላል። «ትረስት ሰርቨር ሰርተፊኬት» የሚለውን ማብራት በቢሮው ውስጥ ለጊዜው ያሠራችኋል፤ በኢንተርኔት በኩል ለሚገናኝ ግን አታድርጉት፣ መሀል ላይ የገባ ሰው ራሱን ሰርቨር አድርጎ ሊያቀርብ ይችላልና። ሰርቪሱ ጨርሶ ካልተነሳና ኤረርሎጉ 26014 ካለ የተመረጠለት ሰርተፊኬት አልተጫነም፦ ቀኑ አልፏል፣ ተሰርዟል ወይም የሰርቪሱ አካውንት ቁልፉን ማንበብ አልቻለም።

ደረጃ 8፦ ዳታቤዙ ራሱ

4064 ማለት ሎጊኑ ትክክል ነው፣ የተመደበለት ዳታቤዝ ግን አልተከፈተም። ማኔጅመንት ስቱዲዮ ውስጥ ዳታቤዙ «ሪከቨሪ ፔንዲንግ» ካለ ፋይሎቹ ያሉበትን ዲስክ እዩ፤ ከሪስታርት በኋላ ተጨማሪ ዲስክ ፊደሉ ሊቀየር ይችላል። በዲስክ ማኔጅመንት የቀድሞውን ፊደል መልሱ፣ ከዚያ ዳታቤዙን ኦንላይን አድርጉት። ዳታቤዙን ዲታች አታድርጉ፣ አትሰርዙም፤ ፋይሎቹ አሉ፣ አድራሻቸው ነው የጠፋው። ለመግባት ብቻ ከሆነ በማኔጅመንት ስቱዲዮ የመግቢያ መስኮት ላይ የምትገናኙበትን ዳታቤዝ «ማስተር» አድርጋችሁ ጻፉ።

ደረጃ 9፦ ማንም መግባት ካልቻለ

1. ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤጀንትን አቁሙ፣ ሶፍትዌሩንም ዝጉ። አንድ ግንኙነት ብቻ ስለሚፈቀድ ቀድመው ይወስዱባችኋል።
2. «ስታርትአፕ ፓራሜተርስ» ላይ ሰረዝና ትንሹን የላቲን ኤም ያለ ክፍተት ጨምሩ፤ ሰርቪሱን ዘግታችሁ አስነሱ።
3. ማኔጅመንት ስቱዲዮን «ረን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብላችሁ ክፈቱ። ኦብጀክት ኤክስፕሎረርን ተዉት፣ ተጨማሪ ግንኙነት ይፈልጋል፤ «ኒው ኩዌሪ» ብቻ ክፈቱ። በዚህ ሁኔታ የማሽኑ አድሚኒስትሬተር ሲስአድሚን ሆኖ ይገባል።
4. የዊንዶውስ አካውንታችሁን ሎጊን አድርጋችሁ ፍጠሩና ሲስአድሚን ሮል ውስጥ ጨምሩ።
5. ፓራሜተሩን አንሱ፣ ሰርቪሱን ዘግታችሁ አስነሱ፣ ኤጀንቱን መልሱ።

አምስተኛውን የረሳ ሰው ጠዋት የሚደርሰው ስልክ «አንድ ሰው ብቻ ይገባል» የሚል ነው።

ደረጃ 10፦ አፕዴቱን ማራገፍ

ወደዚህ የምትመጡት ከላይ ያለው ሁሉ ንጹህ ሆኖ፣ ያው አፕዴት የሌለው ሌላ ማሽን ሲሠራ ብቻ ነው። ባክአፕ ውሰዱ፣ በአፕዴት ታሪክ ውስጥ የአፕዴቱን የኬቢ ቁጥር ጻፉ፣ አራግፉ፣ ተመልሶ እንዳይጫን አፕዴቱን ለጊዜው አቁሙ። ሰርቨሩ የደኅንነት ማስተካከያ ሳይኖረው ይቆያልና ማይክሮሶፍት ማስተካከያ ሲያወጣ ወዲያው ጫኑ።

ሰው ዘንድ እርዳታ ስትጠይቁ የስክሪን ፎቶ ብቻ አትላኩ። የስህተቱን ቁጥር፣ ከኤረርሎጉ ስቴቱን ከላይና ከታቹ ካሉት መስመሮች ጋር፣ የኤስኪውኤል ሰርቨሩን ሙሉ የቨርዥን ቁጥርና የኬቢ ቁጥሩን በጽሑፍ ላኩ። የኮኔክሽን ስትሪንግ ከላካችሁ ፓስወርዱን አውጡበት።